ወፍጮ ቤት ወይስ ድስት ላይ? የቴምፕሌት ፕለጊን ስንጽፍ የቱን እንምረጥ?

ሽሮ የሚያስፈጭ ሰው ይህን ያውቀዋል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላውና ኮረሪማው ከክኩ ጋር አብሮ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ለወራት ማንም አይነካውም። ቅቤ ይግባ ወይስ ዘይት የሚለው ግን ወፍጮ ቤት አይወሰንም። ዛሬ ጾም ነው ወይስ ፍስክ? የሚበላውስ ማን ነው? ይህ የሚታወቀው ድስቱ ሲጣድ ነው።

ስለ ድረ ገጽ ልጽፍ ተነስቼ ከሽሮ የጀመርኩት ነገሩ አንድ ስለሆነብኝ ነው። ስማርቲ፣ ትዊግና ብሌድ የመሳሰሉት ቴምፕሌት ኢንጂኖች (የገጹን ንድፍ፣ ማለትም ቴምፕሌቱን፣ ከዳታው ጋር አዋህደው ገጹን የሚያወጡ የፒኤችፒ መሣሪያዎች) ላይ ፕለጊን ጽፈን የራሳችንን ታግ (ቴምፕሌቱ ላይ ሥራ የሚጠራ ምልክት) ስንጨምር፣ ሥራው በሁለት ቦታ ሊሠራ ይችላል። አንዱ ቴምፕሌቱ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ወደ ፒኤችፒ ኮድ ሲቀየር ነው፤ እሱ ወፍጮ ቤቱ ነው። ሌላው ገጹ ለጎብኚ ሲከፈት ነው፤ እሱ ድስቱ ነው። የትኛው ሥራ የት ይግባ?

የምሠራው ደሴ ነው። ለሱቆች፣ ለእንግዳ ማረፊያዎችና ለትንንሽ ድርጅቶች ድረ ገጽ እሠራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ስማርቲ ነው፤ አልፎ አልፎ ትዊግ፣ ደንበኛው ላራቬል (ብሌድን ይዞ የሚመጣ የፒኤችፒ ማዕቀፍ) ከፈለገ ደግሞ ብሌድ። ከእኔ ጋር የሚለማመዱ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ “ኮምፓይለር ፕለጊን ልጻፍ ወይስ ተራ ፈንክሽን ይበቃኛል?” የመጀመሪያው የሚሠራው ወፍጮ ቤት ነው፣ ሁለተኛው ድስቱ ላይ። አጭሩ መልስ ተራው ይበቃል ነው። የማይበቃበት ጊዜም አለ። ያን ለይቶ ማወቅ ብዙ ራስ ምታት ያድናል።

ኮምፓይል ሲደረግ ምን ይሆናል?

ስማርቲን እንውሰድ። አንድን ቴምፕሌት መጀመሪያ ሲያገኘው አንብቦ ወደ ተራ የፒኤችፒ ፋይል ይቀይረዋል። የተቀየረውን ቴምፕሌትስ_ሲ የሚባል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጎብኚ ሁሉ የሚስተናገደው በዚህ ፋይል ነው። ዋናው ቴምፕሌት ላይ አንድ ነገር ካልተነካ እንደገና አይፈጭም። ትዊግም ብሌድም የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ገጻችሁ 1000 ጊዜ ቢከፈት፣ ተራው ፈንክሽን 1000 ጊዜ ይሠራል። ኮምፓይለር ፈንክሽኑ የሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው “እንግዲያው ሁሉንም ወፍጮ ቤት ልላከው፣ ፈጣን ነው” ይላል። እኔም ብያለሁ።

የባቲው ሰኞ

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። የአንድ ደሴ ያለ ሱቅ ባለቤት ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ይወርዳሉ፤ ሱቁ ያን ቀን ዝግ ነው። ድረ ገጻቸው አናት ላይ ሰኞ ሲሆን “ዛሬ ባቲ ገበያ ነን፣ ሱቁ ዝግ ነው” የሚል መስመር እንዲወጣ ፈለጉ። በሌላው ቀን “ሱቁ ክፍት ነው” ይላል። ቀላል ሥራ ነው። አንድ ታግ ጻፍኩላቸው። ፍጥነት ፈልጌ ኮምፓይለር ፕለጊን አደረግኩት።

ገጹን የጫንኩት ሰኞ ነበር። ከፈትኩት፤ “ዛሬ ባቲ ገበያ ነን” አለ። ልክ ነው ብዬ ተውኩት። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጠራ።

“ልጄ፣ እኔ ሱቄ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ግን ባቲ ነሽ ይለኛል።”

ኮምፓይለር ፈንክሽኑ ቀኑን የጠየቀው ሰኞ፣ ቴምፕሌቱ ሲፈጭ ነው። መልሱ ሰኞ ነበር። መልሱ እንዳለ ፋይሉ ውስጥ ተጻፈ። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ የመጣ ሰው ሁሉ የሰኞን መልስ ነው ያነበበው። ማንም ቴምፕሌቱን ስላልነካው ማንም እንደገና አልፈጨውም። ሴትየዋ “አብሽር፣ ብቻ ዛሬውኑ አስተካክልልኝ” ብለው ዘጉት። ሦስት ቀን ሙሉ ክፍት ሱቅ ዝግ ነው ሲባልባቸው የቀረውን ደንበኛ ግን ማንም አልቆጠረላቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥቅሱ ውስጥ ወይስ ከጥቅሱ ውጭ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ተራ ፈንክሽን የሚመልሰው መልስ ነው፤ “ክፍት ነው” የሚል ጽሑፍ። ኮምፓይለር ፈንክሽን የሚመልሰው ግን ኮድ ነው። የመለሰው ጽሑፍ የተፈጨው ፋይል ውስጥ እንደ ፒኤችፒ ኮድ ይገባል። ከስማርቲ 3 ጀምሮ የፒኤችፒን መክፈቻና መዝጊያ ምልክት ራሳችሁ ማስገባት አለባችሁ። በስማርቲ 2 ግን ያለ ምልክቱ ነበር የሚመለሰው። የድሮ ፕለጊን ወደ አዲሱ ስታዛውሩ ይህን አትርሱ።

አሁን ቀኑን የሚጠይቀውን ትእዛዝ ሁለት ቦታ ልትጽፉት ትችላላችሁ። የፈንክሽኑ አካል ውስጥ ከጻፋችሁት አሁኑኑ ይሠራል፤ የሚመለሰው ኮድ ውስጥ የሚገባው የተጠናቀቀው መልስ ብቻ ነው። በምትመልሱት ጽሑፍ ውስጥ፣ ማለትም ከጥቅስ ምልክቶቹ መሃል ከጻፋችሁት ደግሞ ትእዛዙ እንደ ጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ይሠራል። ልዩነቱ ጥቅሱ የት ላይ እንደተዘጋ ብቻ ነው። የእኔ የባቲ ታግ ቀኑን የጠየቀው ከጥቅሱ ውጭ ነበር።

ስለዚህ ኮምፓይለር ፕለጊን ስጽፍ እያንዳንዱን መስመር እየጠቆምኩ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ይሄ መቼ ነው የሚሠራው? መልሱን ወዲያው መናገር ካቃተኝ ኮዱን እተወዋለሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ ታጉ የሚቀበለው ነገር ነው። ለታጉ ዋጋ የሚል ቫሪያብል ሰጣችሁት እንበል። ገጹ ሲከፈት ዋጋው 1500 ብር ነው። ኮምፓይለር ፈንክሽኑ ግን 1500 አይደርሰውም። የሚደርሰው “ዋጋ የሚባለውን ቫሪያብል አምጣ” የሚል የፒኤችፒ አባባል ነው፤ ያውም በጽሑፍ መልክ። እዚያው ላይ ኮማ ልጨምርበት ካላችሁ ኮማውን የምትጨምሩት በስሙ ላይ እንጂ በብሩ ላይ አይደለም። በጥቅስ የተጻፈ ቋሚ ቃል ብትሰጡትም ከነጥቅሱ ነው የሚመጣው። ይህ ከስማርቲ 3 ወዲህ ያለው አሠራር ነው። ስማርቲ 2 ደግሞ ታጉ ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ እንደ አንድ ጥሬ ጽሑፍ ያቀብላችኋል።

ሦስተኛው የነጠላ ጥቅስ ነገር ነው። በአማርኛ ብቻ የሠራ ሰው ላያስተውለው ይችላል። የኦሮምኛ ጽሑፍ ላይ ግን ሁዻ የምትባለው ነጠላ ጭረት በብዙ ቃላት ውስጥ ትመጣለች፤ ጥቅም ማለት የሆነው ቡኣ (bu'aa) ላይ ለምሳሌ። ይህን ቃል በነጠላ ጥቅስ መሃል አጣብቃችሁ ኮድ ከሠራችሁ፣ ጥቅሱ ቃሉ መሃል ላይ ይዘጋል። ገጹም በስህተት ይቆማል። ክፉ ሰው ቢያገኘው ደግሞ የራሱን ኮድ ሊያስገባበት ይችላል። ቋሚ ጽሑፍ ወደ ኮድ ስትከቱ ሁልጊዜ በቫር_ኤክስፖርት አሳልፉት፤ ጽሑፍን ጥቅሱን አስተካክሎ ወደ ኮድ የሚቀይር የፒኤችፒ ፈንክሽን ነው።

ታዲያ የቱን?

መጀመሪያ ፕለጊን የሚያስፈልግ መሆኑን ጠይቁ። ዳታው ከዳታቤዝ የሚመጣ ከሆነ ፒኤችፒው ላይ አዘጋጅታችሁ ለቴምፕሌቱ ስጡት። ቴምፕሌት ውስጥ ሆኖ ዳታቤዝ የሚጠይቅ ታግ አልወድም። ከዓመት በኋላ ገጹ ለምን እንደዘገየ ስትፈልጉ እዚያ መሆኑን አታገኙትም።

ያላችሁን ዋጋ መልኩን ብቻ መቀየር ከሆነ ሞዲፋየር ጻፉ። ለእኛ ጥሩ ምሳሌው የቀን አቆጣጠር ነው። ዳታቤዙ የሚይዘው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ደንበኛው ማየት የሚፈልገው የኛን ነው። ቴምፕሌቱ ላይ ከቀኑ ቀጥሎ ቋሚ መስመር (|) አድርጎ የሞዲፋየሩን ስም መጻፍ ብቻ ነው። ውስጡን ደግሞ በእጅ አታስሉት። ልዩነቱ አንዳንዴ 7፣ አንዳንዴ 8 ዓመት ነው። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የጻፈ ሰው፣ 2016 ዓ.ም. ሲገባ ተሳስቷል፤ ያን ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ነበር የዋለው። ኢንትል የሚባለው የፒኤችፒ ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። ሆስቲንጋችሁ ላይ መከፈቱን ብቻ አረጋግጡ።

ከቀን ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ ያለው ውጭ አገር ነው፤ ሰዓቱ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ሊሆን ይችላል። የሰዓት ቀጠናውን የአዲስ አበባ ካላደረጋችሁት፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ገጻችሁ የትናንቱን ቀን ነው የሚያወጣው። ይሄ ከፕለጊን ዓይነት ጋር አይገናኝም፤ ግን የባቲውን ታግ ሳስተካክል ያገኘሁት ሁለተኛ ስህተት እሱ ነበር።

አንድ ነገር ሠርቶ ውጤቱን የሚያወጣ ታግ ከሆነ ተራ ፈንክሽን ይበቃል። የባቲው ታግ ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው። ቀኑን አይቶ አንድ መስመር ለማውጣት የሚወስደው ጊዜ ከአንድ የዳታቤዝ ጥያቄ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ፍጥነት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚፈትሸው ጥያቄዎቹንና የሥዕሎቹን ክብደት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐይቅ በሚሄድ መኪና ውስጥ በስልክ ገጻችሁን የሚከፍት ሰው የሚጠብቀው ሥዕሉን ነው፤ የእናንተን ፈንክሽን አይደለም።

በመክፈቻና በመዝጊያ ታግ መሃል ያለን ጽሑፍ መሸፈን ከሆነ ብሎክ አለላችሁ። ሁለት ጊዜ እንደሚጠራ ብቻ አስታውሱ፤ አንዴ ሲከፈት፣ አንዴ ሲዘጋ። ሲከፈት ይዘቱ ገና ባዶ ነው። ፕሪፊልተር ቴምፕሌቱን ከመፈጨቱ በፊት ይነካዋል፤ ፖስትፊልተር ከተፈጨ በኋላ። አውትፑትፊልተር የሚሠራው ገጹ ሲወጣ ነው። ሦስቱም ሙሉውን ጽሑፍ ነው የሚነኩት፤ ለአንድ ታግ ሲባል አይጻፉም።

ስማርቲ 3 ላይ ሞዲፋየርኮምፓይለር የሚባልም አለ። ራሱ ስማርቲ እንደ ፊደል ማሳነስና ማተለቅ ያሉ ቀላል ነገሮችን የሚሠራው በእሱ ነው። ጥሪውን በቀጥታ ወደ ፒኤችፒው ፈንክሽን ይቀይረዋል። ለሱቅ ገጽ አስፈልጎኝ አያውቅም።

ወፍጮ ቤት መግባት ያለበት

በእርግጥ ኮምፓይለር ፕለጊን የሚገባው ሥራ አለ። ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው የገጹን አካሄድ የሚቀይር ታግ ነው። “አባል ከሆነ ይህን አሳይ፣ ካልሆነ ያን” የሚል የራሳችሁን ታግ ስትፈልጉ፣ ከታጉ መውጣት ያለበት ራሱ የፒኤችፒ “ከሆነ” እና “ካልሆነ” ነው። ተራ ፈንክሽን ግማሽ ኮድ ከፍቶ መተው አይችልም። ኮምፓይለር ይችላል። አስተውሉ፤ እዚህ ላይ ጥያቄው ራሱ የሚጠየቀው ገጹ ሲከፈት ነው። ወፍጮ ቤት የገባው የጥያቄው ቅርጽ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ለሁሉም ሰው አንድ የሆነ፣ ቴምፕሌቱ እስኪነካ የማይለወጥ ነገር ነው። እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ ትርጉም ነው። እኛ አካባቢ የሚሠራ ገጽ ሦስት ቋንቋ ቢኖረው አይገርምም። ደሴ አማርኛ ይበቃል፤ ባቲና ከሚሴ ያለው ደንበኛ ኦሮምኛ ይፈልጋል፤ ላሊበላ ለሚሄደው እንግዳ እንግሊዝኛው የግድ ነው። “ዋጋ”፣ “አድራሻ”፣ “ይደውሉልን” የሚሉት ቃላት በአንድ ቋንቋ ውስጥ ለማንም አይለዋወጡም። ገጹ በተከፈተ ቁጥር እነዚህን ከመዝገብ እየፈለጉ ማምጣት ትርፍ ሥራ ነው። ሲፈጭ ይግቡ።

ግን አንድ ነገር ካልጨመራችሁ ይበላሻል። ስማርቲ ለአንድ ቴምፕሌት የሚያስቀምጠው አንድ የተፈጨ ፋይል ነው። መጀመሪያ የከፈተው ሰው ኦሮምኛ መርጦ ከሆነ፣ ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ኦሮምኛ ያያል። መፍትሔው ኮምፓይል_አይዲ ነው። ለየቋንቋው የተለያየ ኮምፓይል_አይዲ ስትሰጡት፣ ለየቋንቋው የተለየ ፋይል ይፈጫል። ለሦስት ቋንቋ ሦስት ማዳበሪያ ዱቄት እንደማለት ነው። የስማርቲ መመሪያም ይህን ቅንብር ሲያስረዳ ምሳሌ የሚያደርገው ትርጉምን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ስም። አንድን ስም ለተራ ፈንክሽንም ለኮምፓይለር ፈንክሽንም ከሰጣችሁ፣ የሚሠራው ኮምፓይለሩ ነው። ምንም ስህተት አይታያችሁም። የባቲውን ታግ ወደ ተራ ፈንክሽን ስቀይረው የድሮውን ፋይል ሳላጠፋ ቀርቼ ግማሽ ቀን የፈለግኩት ይህን ነበር።

ሦስቱ ኢንጂኖች ጎን ለጎን

ትዊግ ላይ ተራ ፈንክሽንና ፊልተር መጨመር ቀላል ነው፤ ሁለቱም የሚሠሩት ገጹ ሲከፈት ነው። የኮምፓይል ጊዜ ሥራ ከፈለጋችሁ ግን አዲስ ታግ መሥራት አለባችሁ። ታጉን የሚያነብ አንድ ክላስ፣ ኮዱን የሚጽፍ ሌላ ክላስ ይጠይቃል። ከባድ ነው። የትዊግ ሰዎች ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ ብዙ ጊዜ ታግ አያስፈልግም፣ ውጤት የሚያወጣ ከሆነ ፈንክሽን ጻፉ ይላሉ። ይህን ክብደት እወደዋለሁ። ሰው ሳያስብ ወፍጮ ቤት እንዳይገባ ያግደዋል። ደግሞም አውቶ_ሪሎድ የሚባለው ቅንብር ከተከፈተ፣ ኤክስቴንሽኑ የተጻፈበት ፋይል ሲቀየር ትዊግ ያውቅና ቴምፕሌቱን እንደገና ይፈጨዋል።

ብሌድ በተቃራኒው ነው። ዳይሬክቲቭ (የብሌድ ታግ መጠሪያው ነው) መጨመር የአንድ መስመር ሥራ ነው። ዳይሬክቲቭ ደግሞ ሁሉም ኮምፓይለር ነው፤ ኮድ ነው የሚመልሰው። ቅንፉ ውስጥ የጻፋችሁት ሁሉ እንደ አንድ ጽሑፍ ነው የሚደርሳችሁ፣ ሁለት ነገር ብትሰጡትም በኮማ ተያይዞ። ስለዚህ የባቲው ዓይነት ስህተት በጣም ቀላል የሚሆነው ብሌድ ላይ ነው። ላራቬል የምትጀምሩ ልጆች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ለ“ከሆነ፣ ካልሆነ” ብቻ ከሆነ ብሌድ የራሱ አቋራጭ መንገድ አለው፤ ሁኔታውን በተራ ፈንክሽን ጽፋችሁ ብሌድ ኢፍ ብላችሁ ታስመዘግቡታላችሁ።

ስማርቲ መሃል ነው። ለየዓይነቱ የተለየ የፋይል ስም ስላለው፣ ፎልደሩን ያየ ሰው የቱ ወፍጮ ቤት፣ የቱ ድስት እንደሆነ ከስሙ ያውቃል። በ2024 የወጣው ስማርቲ 5 ላይ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ኤክስቴንሽን ክላስ መሰብሰብ ይቻላል። አዲስ ፕሮጀክት ለሚጀምር እሱን እመክራለሁ።

ተስተካክሎም አልተስተካከለም ሲል

የፕለጊኑን ፋይል አስተካክላችሁ ሰርቨሩ ላይ ጫናችሁ። ገጹ ያው ነው። ስማርቲና ብሌድ የሚያዩት ቴምፕሌቱ መቀየሩን እንጂ የእናንተ ፕለጊን መቀየሩን አይደለም። የድሮው ዱቄት አሁንም ማዳበሪያው ውስጥ ነው። የተፈጨውን አጥፉት። ብሌድ ላይ ቪው ክሊር የሚለው ትእዛዝ አለ። ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ትእዛዝ መስጫው ዝግ ከሆነ፣ ስቶሬጅ ስር ፍሬምወርክ ውስጥ ባለው የቪውስ ፎልደር (ዋናዎቹ ቴምፕሌቶች ባሉበት በሪሶርስስ ስር ባለው አይደለም) ያሉትን የተፈጩ ፋይሎች በፋይል ማኔጀሩ ሰርዟቸው። ስማርቲ ላይም ቴምፕሌትስ_ሲ ውስጥ ያሉትን ማጥፋት ይበቃል፤ ፎልደሩን ራሱን ግን አታጥፉ።

ይህንም አድርጋችሁ አሮጌው ከቀረ ካሽ ተከፍቶ እንደሆነ እዩ። የስማርቲ ካሽ አንዴ የወጣውን ገጽ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ጎብኚ ያቀርባል፤ ተሠርቶ የተቀመጠ ወጥ ነው፤ ካልቀየራችሁት 3600 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ይቆያል። ተራ ፈንክሽንም ቢሆን ካሽ ውስጥ ከገባ ይደርቃል። እንደ ባቲው ያለውን ታግ ኖካሽ (ካሽ የማይገባ) አድርጉት።

ስህተት ሲመጣ የተፈጨውን ፋይል ራሱን ከፍታችሁ አንብቡ። ስህተቱ የሚጠቅሰው የመስመር ቁጥር የዚያን ፋይል ነው፤ ቴምፕሌታችሁ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ቀኑ እንደ ቃል ተጽፎ ካያችሁት ደርቋል። ቀኑን የሚጠይቀው ትእዛዝ ተጽፎ ካያችሁ ደህና ነው።

አሁን ቀን ያለበትን ሥራ ከማስረከቤ በፊት የላፕቶፔን ሰዓት ሰኞ ላይ አድርጌ ገጹን እከፍታለሁ። ከዚያ ምንም ሳልነካ ሰዓቱን ወደ ማክሰኞ አዞርና እንደገና እከፍተዋለሁ። “ሱቁ ክፍት ነው” ካለኝ ነው ሴትየዋ ዘንድ የምደውለው።